ትንፋሽ ተይዞ የሚነበብ ስም

ኤልም ፎርክ፣ ደቡብ ዳኮታ
ኖቬምበር 12 ቀን 2023

ለወንድም ዓለም፣ ለአጎቴ ልጅ ለዌንደል፤

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ? ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር እዚያ ዓለም ጫፍ ላይ ያለኸው አንተ ትዝ ትለኛለህ፤ ጌታ በሄድክበት ይከተልህ። እኔ ከጆሮዬና ከምድር ቤቱ ማሞቂያ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬ የሚሰማው ሲፈልግ ነው፣ ማሞቂያውም የሚነሳው ሲያሻው ነው። ትናንት ካፖርቴን ለብሼ ነው ሳህን ያጠብኩት።

ቼክህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ባንክ ወስጄ መነዘርኩትና እንደ ወትሮው ነጭ ፖስታ ውስጥ አሽጌ፣ በኮሌጁ ስፖርት አዳራሽ መግቢያ ካለው የደጋፊዎች ማኅበር ሣጥን ከተትኩልህ። ፖስታው ላይ ምንም አልጻፍኩም፤ ስምህንም፣ ለምን እንደሆነም። "ሰጥቶ ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ባይሰጥ ይሻለዋል" የሚለው የአባትህ ነገር እዚህ አሁንም ሕግ ነው። ያልተጻፈበት ፖስታ ለሕንፃ እንደሚሄድ ደግሞ ከአያቶቻችን ጀምሮ አገር ያውቀዋል።

የመዋኛው ጣሪያ ብሶበታል። ስድስተኛው መስመር ላይ ስለሚያፈስ ልጆቹ ከታችም ከላይም ይረጥባሉ። መኪና ማቆሚያው ጋ ትልቅ የእንጨት ቴርሞሜትር አቁመዋል፤ ገንዘብ በገባ ቁጥር ቀዩ ቀለም ከፍ ይላል። ለጣሪያውና ለውሃ ማሞቂያው ስድስት መቶ አርባ ሺህ ዶላር ያስፈልጋል፣ አራት መቶ አሥር ሺህ ደርሷል። ትራክተር ሻጩ ሊሮይ ብራንት የቀረውን እኔ እሞላዋለሁ ብሎ በሰው ፊት ተናግሯል። ሊሮይ ሲናገር ማይክ አያስፈልገውም፤ ጣሪያውን የሰነጠቀው እሱ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

የልጄ ልጅ ጋረት ዘንድሮ በኮሌጁ ቅርጫት ኳስ ቡድን የመጀመሪያ ተሰላፊ ሆኗል። እሑድ እሑድ እኔ ዘንድ ነው የሚበላው። ሦስት ሳህን ድንችና ሥጋ ጠርጎ "አያቴ፣ ጣፋጩስ?" ይለኛል።

የመዋኛው ወለል ሴራሚክህ በቦታዋ አለች። ባለፈው ጁን ውሃው በተፈሰሰበት ቀን፣ አራት ዓመት የጨረሱት ዋናተኞች እንደ ወጉ ወደ ጥልቁ ወለል ወርደው ስማቸውን ሲጽፉ፣ አንዲት ልጅ ከመዝለያው ጣውላ በታች ያለችውን ባዶ ሴራሚክ አየችና ብሩሿን አነሳች። "እሷ ተይዛለች" አልኳት። "በማን?" አለችኝ። "በመንገድ ላይ ባለ ሰው" አልኳት። አርባ አራት ዓመት ይህንኑ ስናገር እስካሁን ውሸታም ያለኝ የለም።

ናና አታሳፍረኝ።

ናፋቂህ አርዲት


ፑዌርቶ ሞንት፣ ቺሊ
ጃንዋሪ 20 ቀን 2024

ለእታለም አርዲት፤

ሰላምታዬ ከበረዶሽ በላይ ይብዛልሽ። ጌታ ቤትሽንም ጆሮሽንም ያሙቅልሽ። ደብዳቤሽ ከገና ማግስት ደረሰ። እዚህ በጋ ነው ይባላል፤ ዝናቡ ግን አልሰማም።

ባለቤቴ ኔልዳ ካረፈች ሦስት ዓመት ሞላት። አሁንም ሁለት ኩባያ አወጣለሁ፣ አንዱን መልሼ አስቀምጣለሁ። በዓሣ እርባታው መጥለቅ ካቆምኩ ወዲህ መጋዘን ቁጭ ብዬ መረብ እጠግናለሁ። ወጣቶቹ ጠላቂዎች "ዶን ዌንዶ፣ በአንተ ጊዜ ውሃው እንዲህ ይቀዘቅዝ ነበር?" እያሉ ይቀልዱብኛል። "በእኔ ጊዜ ውሃ ገና አልተፈጠረም ነበር" እላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ሠላሳ ዓመት እዚህ ባሕር ስወርድ ስወጣ ያየሁት ጭቃና መረብ ነው። ወለሉ ላይ የሰው ስም የተጻፈበት ውሃ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ከላይ ሆነሽ ብታዪ ጥቁር ጭረት ነው የሚመስለው፤ ለማንበብ ትንፋሽ ይዞ አራት ሜትር መውረድ ግድ ነው። በአንድ ትንፋሽ ዘጠኝ ስም አነብ ነበር። የ1951 ልጆች፣ የ1963 ልጆች፣ ስማቸውና ከሥሩ የሚዋኙት ዓይነት። አሁን ማታ ዓይኔን ስጨፍን በተራ እጠራቸዋለሁ፤ ሰባተኛው ላይ ይጠፉብኛል።

አንቺ ግን ውሃ ጠልተሽ ሠላሳ ስምንት ዓመት መዋኛ ቤት ውስጥ ፎጣ ያደልሽ ብቸኛ ሰው ሳትሆኚ አትቀሪም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ አንቺ አሥራ ሁለት፤ የአያታችን የከብት ማጠጫ ገንዳ ውስጥ ገፍቼ የጣልኩሽ። እስከ ዛሬ ይቅርታ እንዳልጠየቅኩሽ ትናንት ትዝ አለኝ።

የጡረታ ወረቀቴ በሚመጣው ዓመት ያልቃል። በ2025 የጁን የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ውሃው በሚፈስበት ቀን፣ መሰላሉን ይዘሽ ጠብቂኝ። ወርጄ ስሜን በእጄ እጽፋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም ከዚያ አገር። ያኔ ለምን ሳልጽፍ እንደሄድኩ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ እግዜር ይስጥሽ።

መቶ ዶላሩ ከዚህ ጋር አለ። ቴርሞሜትሩ ስንት ደረሰ?

ወንድምሽ ዌንደል


ኤልም ፎርክ
ማርች 17 ቀን 2024

ለዌንደል፤

ጤና ይስጥልኝ ወንድም ዓለም። ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ ስልሳ ዓመት ዘገየ እንጂ ክፉ አይደለም። ገንዳው እኔ ጓሮ ነው ያለው። ውሃ ሳይሆን ቲማቲም ነው የያዘው፣ በእኔ ቤት ሌላ ሥራ አይሰጠውም።

አዲስ ማሞቂያ አስገባሁ። ድምፁ አይሰማም፣ ወይም ጆሮዬ ነው። ጠዋት በባዶ እግሬ ወጥ ቤት ገባሁ ብልህ አታምነኝም። ሰዎቹ አሮጌውን በሦስት ቆራርጠው አወጡት፤ እንደ ሬሣ ነው የሸኘሁት። አዲሱ የአሥር ዓመት ዋስትና አለው፣ እኔ ግን የለኝም አልኳቸው።

ጋረት እግዚአብሔር ይመስገን ተሳክቶለታል። ሕጉ ከተለወጠ ወዲህ ተጫዋች ስሙንና ፊቱን ለማስታወቂያ ሰጥቶ ይከፈለዋል። ልጁ የሊሮይ ትራክተር ላይ ተቀምጦ ሲስቅ በመንገዱ ዳር በትልቁ ተሰቅሏል። አዲስ ፒካፕም ሰጥተውታል፣ በሩ ላይ የሊሮይ ስም ያለበት።

ቴርሞሜትሩ በረዶ ሸፍኖታል።

ገንዘብ ግን ለጊዜው አትላክ። ጉልበትህን ታከምበት።

አርዲት


ፑዌርቶ ሞንት
ሜይ 5 ቀን 2024

ለእታለም፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ በረዶውም ይቅለልልሽ።

ደብዳቤሽን አነበብኩ፣ ደግሜ አነበብኩ። ስለ ማሞቂያ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፈሻል፣ ስለ ጣሪያው አንዲት መስመር። ባደግንበት ቤት እናትሽ ስለ አየሩ ብዙ ካወራች ሰው ሞቷል ማለት ነበር። ማን ሞተ?

ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ገንዘብ አትላክ የምትዪኝ? ፎጣ ሁለት ጊዜ የወሰደውን ተማሪ ደረጃው ድረስ የምታሳድጂ ሴት ነሽ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ጣሪያው ምን ሆነ? በሚመጣው ዓመት ስመጣ ውሃ አለ ወይስ የለም? ይህን ብቻ ንገሪኝ።

የሜይን አልላክኩም፣ ስላልሽኝ። እጄ ግን ፖስታ ቤቱ ሲደርስ ያሳክከኛል።

ዌንደል


ኤልም ፎርክ
ኦክቶበር 6 ቀን 2024

ለወንድሜ ለዌንደል፤

ጌታ ልብህን ያራራልኝ። አምስት ወር ሙሉ ብዕር እያነሳሁ ስጥል ቆየሁ። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ኮቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ፤ ካወለቅኩ አልጽፈውም።

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ኮሪን ናት የነገረችኝ፣ በማርች፣ ዕንቁላል ልገዛ ተሰልፌ። ተጫዋቾች እንዲከፈላቸው ከተፈቀደ ወዲህ ማኅበሩም ለእነሱ የሚሆን ሌላ ቋት ከፍቶ ነበር። በኦገስት 2023 ደግሞ ደንብ አወጡ፤ ለምን እንደሆነ ያልተጻፈበት ፖስታ ሁሉ ወደ ተጫዋቾቹ ቋት ይገባል፣ ለሕንፃ የሚሰጥ "ለሕንፃ" ብሎ ይጻፍ። ማስታወቂያውን በሩ ላይ ለጥፈውት ነበር። በሩን በየሳምንቱ እከፍተዋለሁ፣ ዌንደል። ስከፍት የማየው እጀታውን ነው።

እኔ ብቻም አይደለሁም። አገሩ ሁሉ ፖስታውን እንደ አባቶቹ ሳይጽፍበት ይከታል። አንዱም መጻፍን አልደፈረም፣ ነውር ነዋ። በዓመት ውስጥ ለጣሪያው የገባው ሁለት ፖስታ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ከሌላ ከተማ የመጡ ሰዎች የጻፉባቸው። ሊሮይም ቃሉን አጠፈ። "አርዲት፣ እኔ ያለኝ አንድ ኪስ ነው" አለኝ። "ለልጆቹ ካልከፈልን ትልልቆቹ ኮሌጆች ይወስዷቸዋል። ጣሪያ የትም አይሄድም።" በዚያ ሳምንት አንድ የጣሪያው ቁራጭ ሁለተኛው መስመር ላይ ወደቀ።

የባሰውን ገና አልነገርኩህም። ከቋቱ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ጋረት ነው። ባለፈው ፌብሩዋሪ አንድ ማታ ለራት መጥቶ ካፖርት ለብሼ አገኘኝ። በሦስተኛው ቀን ሰዎቹ አዲሱን ማሞቂያ ይዘው መጡ። "አያቴ፣ የመጀመሪያ ደመወዜ ነው" አለኝ። አቅፌ ሳምኩት፤ ከየት እንደሆነ አላወቅኩም ነበር።

እንግዲህ ይኸው። አንተ መረብ እየጠገንክ የላክከው ገንዘብ ምድር ቤቴ ውስጥ ይነድዳል። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ በጣሪያህ ስሞቅ ነበር። አፍሬ ነው ያልነገርኩህ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ውሃው እስካሁን አለ። ለጁን ይኑር አይኑር አላውቅም።

አርዲት


ኤልም ፎርክ
ጃንዋሪ 14 ቀን 2025

ለዌንደል፤

በጌታ ሰላም እልሃለሁ፣ ሰላምታዬን የምትቀበል ከሆነ።

ፖስተኛው ሲመጣ በመስኮት ማየቱን ትቻለሁ። ትቻለሁ እላለሁ እንጂ ይኸው ዛሬም አየሁት። ሦስት ወር ከሳምንት ሆነው። ብትሰድበኝም ጻፍልኝ። ዝም ካልከኝ ግን ምን ልበል?

ዝም ብለህም ቢሆን ማወቅ ያለብህ ነገር መጣ። ባለፈው ሳምንት የውሃ ማሞቂያው ፈነዳ። ኮሌጁ መዋኛውን ዘግቶ ቡድኑን በተነ። ውሃውን ቧንቧው እንዳይሰነጠቅ በዚሁ ወር ያፈስሱታል። ለማፍረስም ገንዘብ የለም፤ ስለዚህ በጸደይ ገንዳውን በአሸዋ ሞልተው በሩን ሊቆልፉት ነው። ዋናተኞቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አየሁ። ፎጣ አልነበረኝም፤ የወጥ ቤት ጨርቅ ነበር ቦርሳዬ ውስጥ፣ እሱን ሰጠኋቸው።

ጁንን አይጠብቅም፣ ዌንደል። መምጣት ከቻልክ አሁን ና። ያጠራቀምኩትን ገንዘብ አወጣለሁ፣ ጋረትም ቲኬቱን እኔ እከፍላለሁ ብሏል፤ እንዲያውም ለመነኝ። ካልቻልክ ደግሞ በል፣ እኔ ልጻፍልህ። የእጅ ጽሑፍህን አውቀዋለሁ።

አንድ ቃል ብቻ።

አርዲት


ፑዌርቶ ሞንት
ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2025

ለእታለም አርዲት፤

እግዚአብሔር እንባሽን ያብስልሽ። ሁለቱንም ደብዳቤሽን፣ መንገድ ላይ የዘገየውን የኦክቶበሩንም፣ ያገኘሁት በአንድ ቀን ነው፤ ጎረቤቴ ናት ሆስፒታል ያመጣችልኝ። በልብ ሕመም ተኝቼ ከረምኩ። ዘጠኝ ሳምንት። አሁን ቤት ነኝ፣ አትደንግጪ። ሐኪሟ ግን አውሮፕላን፣ ዳገትና ብስጭት ከልክላኛለች። ሦስተኛውን ያለ አንቺ ፈቃድ እንደማልችል ነገርኳት።

ተናድጃለሁ፣ አልዋሽሽም። አንድ ቀን ሊሮይን፣ አንድ ቀን ልጁን፣ ሁለት ቀን አንቺን ስሰድብ ዋልኩ። የነርሶቹ እንግሊዝኛ ተሻሽሏል። ከዚያ ማታ ላይ 1979 ትዝ አለኝ።

በዚያ ማርች የመጨረሻው ውድድር ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አንቺ የፎጣ መስኮትሽ ላይ ነበርሽ። ሰው ሁለት ሁለት ዶላር ከፍሎ ነው የገባው፣ እኔን ከጣውላው ስዘል ለማየት። እኔ ያን ቀን ጠዋት ለምሳዬ ስል በኮሌጁ ወጥ ቤት ድንች ስልጥ ነበር። ባንኩ የአባቴን መሬት ለጨረታ አውጥቶታል። አባቴ "ቡድኑን ተውና ና፣ ሁለት እጅ ያስፈልገኛል" ሲል ሁለት ጊዜ ጻፈልኝ። እኔ ግን አራተኛውን ዓመት ጨርሼ ስሜን ሳልጽፍ አልመጣም አልኩ። በሜይ መሬቱ ተሸጠ። አባቴ በጨረታው ቀን ኮፍያውን አውልቆ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። ውሃው በሚፈስበት ዋዜማ አውቶቡስ የተሳፈርኩት ለዚህ ነው። የአባቴን መሬት በስሜ ለውጬ፣ እንዴት ብዬ እጄ ብሩሽ ያንሳ?

ያኔ አንድ ሰው ለዝላዬ ከፍሎኝ ቢሆን ኖሮ፣ አርዲት፣ ሁሉንም ለአባቴ እሰጠው ነበር። የልጅ ልጅሽ የመጀመሪያ ደመወዙን ለአያቱ ማሞቂያ አደረገው። እኔ ያላደረግኩትን ነው ያደረገው። ምን ብዬ ልውቀሰው? ንገሪው፣ እዚህ ያለ አንድ ሽማግሌ ዕዳ የለብህም ብሎሃል በይው። የተበተኑት ዋናተኞች ግን ከሐሳቤ አልወጡም። ለአንዱ ሲከፈል ሌላው ለምን ውሃ እንደሚያጣ ሊሮይም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ስሜን አትጻፊልኝ። በራስ እጅ ካልሆነ አይሆንም፣ ወጉን ታውቂያለሽ። አሸዋውን ያፍስሱበት። ሙቀቱን ደግሞ ያለ ሐሳብ ሙቂው። በዚያ ውሃ ምክንያት አንድ የምወደው ሰው ከሞቀ ይበቃኛል።

አይበቃኝም። ግን ምን ይደረግ?

ወንድምሽ ዌንደል


ኤልም ፎርክ
ኤፕሪል 13 ቀን 2025

ለወንድም ዓለም፤

ጌታ ልብህን በእጁ ይያዝልኝ፣ ሐኪሟንም ይባርክ። ደብዳቤህን ለጋረት አነበብኩለት። ሹካውን አስቀመጠ። ጣፋጭም አልጠየቀኝም። ቆይቶ "የትኛዋ ናት ሴራሚኳ?" አለኝ።

የፎጣ መስኮቱ ቁልፍ አሁንም እኔ ጋ ነው። ጡረታ ስወጣ ማንም መልሺ አላለኝም፣ እኔም አላስታወስኳቸውም። ሐሙስ ከሰዓት ገባን። ያለ ውሃ አታውቀውም፣ ዌንደል። ድምፃችን ተመልሶ ይመጣል፣ የክሎሪኑ ሽታ ግን አልለቀቀም። አሸዋው በጆንያ ተደርድሮ ዳር ዳሩን ይጠብቃል። እኔ መሰላሉን ያዝኩ፤ ጋረት መዶሻና መሮ ይዞ ወረደ። ሁለት ሜትር ከሦስት ሳንቲ የሆነ ልጅ እዚያ ጥልቁ ውስጥ ሲያዩት ሕፃን ይመስላል።

ወዲያው አልጀመረም። ተንበርክኮ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበ፣ ጮክ ብሎ፣ ለእኔ። ከ1951 ጀምሮ። አንድ ሰዓት ፈጀበት። ሰባተኛው ላይ የሚጠፋብህ ስም ኤልድሪጅ ነው፣ በጀርባ ዋና።

ሴራሚክህ በቀላሉ አልወጣችም፤ አርባ ስድስት ዓመት ስጠብቃት እሷም ለምዳ ነው። ጥጓ ትንሽ ተሸርፏል። ያንተን ወስደን የሌሎቹን ለአሸዋ ስንተው ልቤ ደማ። ጋረት ግን አንድም ሳይቀር በስልኩ ፎቶ አንስቷቸዋል።

ልጁ ሊሄድ ነው። አንድ የደቡብ ኮሌጅ ሊሮይ ከሚከፍለው ስድስት እጥፍ ሰጠው። እሱን ለማቆየት ጣሪያውን ከፈልን፣ አሁን ጣሪያውም እሱም የሉም። በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ኮሪን ሳህን እያደረቀች "አንቺማ ምን አለብሽ፣ ቢያንስ ይሞቅሻል" አለችኝ። እውነቷን ነው። ጋረት "አያቴ፣ ልቅር?" ሲለኝ ሂድ አልኩት። ቡድኑን ትተህ ና የተባለ ወንድ ልጅ ያንን ዕድሜውን ሙሉ ሲሸከም አይቻለሁ።

ሴራሚኳ ከዚህ ጋር አለች፣ በሁለት ፎጣ ጠቅልያታለሁ። ፎጣዎቹ የኮሌጁ ናቸው፤ በሠላሳ ስምንት ዓመት የሰረቅኩት እነዚህን ብቻ ነው። በእጅህ ጻፍ።

አርዲት


ፑዌርቶ ሞንት
ሜይ 11 ቀን 2025

ለእታለም፤

ጸጋ ይብዛልሽ። ደረሰች። ጉምሩክ ያለው ሰውዬ ፎጣውን ገልጦ "አንድ ሴራሚክ ብቻ? ለምን ይሆናል?" አለኝ። "ለመዋኛ" አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ማኅተሙን መታ።

ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየኋት። አንዱን ኩባያ ከኔልዳ ቦታ አንስቼ ለእሷ ቦታ ለቀቅኩላት። በአራተኛው ቀን የጀልባ ቀለም ገዛሁ፣ ጥቁሩን፣ ጨው የማይበላውን። ፊደሉ ጠመመ፤ ግን የእኔው እጅ ነው። ከመጀመሬ በፊት ለአባቴ ጮክ ብዬ ነገርኩት፣ አሁን ልጽፍ ነው አልኩት።

ጽፌ መልሼ ልኬልሻለሁ። እዚህ ምን ታደርጋለች? የአገሯ ውሃ ውስጥ ትግባ። መዋኛው ከሌለ የአያታችን ገንዳ አለ። ጁን ሰባት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ቲማቲምሽን አንሺና ውሃ ሙዪበት፣ ፎጣውን ሳትገልጪ ታች አስቀምጪያት፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ፍቺያት። ከላይ ሆነሽ ማንበብ የለም። ደንቡን ታውቂያለሽ።

ይህን ስጠይቅሽ ምን እየጠየቅኩ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ነኝ የገፋሁሽ፣ አሁን ደግሞ በፈቃድሽ ግቢ የምልሽ። እምቢ ብትዪ አልቀየምም። ግን ሌላ የሚያነብልኝ ሰው የለኝም።

ዌንደል


ኤልም ፎርክ
ጁን 8 ቀን 2025

ለወንድም ዓለም ለዌንደል፤

እንደምን አለህልኝ? እኔ አፍንጫዬ ውስጥ ውሃ አለ፤ ከዚያ ሌላ ደህና ነኝ፣ ተመስገን።

ቲማቲሙን አርብ ነቅዬ ባልዲ ባልዲ ውስጥ ተከልኩት። ገንዳውን በሳሙና አጠብኩት፣ በጎማ ሞላሁት። ትናንት ጠዋት ጋረት የተወውን የዋና መነጽር ከመሳቢያ አወጣሁ። የጎረቤቴ ውሻ ብቻ ነበር የሚያየኝ። እንዳልከው ሳልገልጥ ታች አስቀመጥኳትና ዓይኔን ጨፍኜ ፎጣውን ፈታሁት። ከዚያ ተንበርክኬ ቀረሁ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ውሃው ጉልበት አይደርስም፣ ዌንደል፣ እኔ ግን አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሁለቴ ተነስቼ ቤት ልገባ ነበር። ሦስተኛው ላይ የኮሌጁን ደረጃ አስታወስኩ፣ እነዚያን ልጆች፤ ተናደድኩና ፊቴን ከተትኩት።

"ዌንደል። ከሦስት ሜትር ዝላይ። 1979።"

አነበብኩት። ትንፋሼ አለቀና ወጣሁ፣ ሳል በሳል ሆኜ። ከሥሩ ሌላ መስመር እንዳለ አይቼ ነበር፤ ግን አልደረስኩበትም። አውቀህ ነው ሁለት መስመር ያደረግከው፣ አንተ ተንኮለኛ። ደግሜ መግባት ነበረብኝ።

"አርዲት። ፎጣ። ሠላሳ ስምንት ዓመት።"

በዚያ ወለል ላይ ሁለት መቶ ስም በእጄ ፈግፍጌ አጥቤያለሁ። የእኔ እዚያ ሊኖር ይችላል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። እዚያው ታች ሆኜ አለቀስኩ መሰለኝ፤ ውሃ ውስጥ አይታወቅም። ስወጣ ፊቴን የጠረግኩት በሰረቅኩት ፎጣ ነው።

ጋረት ማታ ደውሎ "ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" አለኝ። "ስዋኝ" አልኩት።

ሴራሚኳን አላወጣኋትም። ዛሬም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገብቼ ሁለታችንንም አነበብኩ፣ በአንድ ትንፋሽ። ቲማቲሙ ዘንድሮ ባልዲው ውስጥ ይቆያል። ገንዳውን በየሳምንቱ እያጠብኩ ውሃ እሞላዋለሁ፣ ሐኪሟ እስክትለቅህ ድረስ።

ናፋቂህ አርዲት